ቃርና ጨጓራ፦ መድኃኒቱን ስንወስድ እንጠንቀቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። በዕለቱ በኦሮምኛና በአማርኛ የቀረበውን ለመጽሔታችን እንዲመች አድርገን ጽፈነዋል።)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ጠይቀናችሁ ነበር። «በዚህ ወር ለቃር ወይም ለጨጓራ መድኃኒት የወሰደች እጇን ታውጣ» ስንል ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። «ሐኪም አዝዞላችሁ ነው?» ስንል አብዛኛው እጅ ወረደ። ሳቅን። እየሳቅን ግን ውስጣችንን አንድ ነገር ከነከነው፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው አንዷን ባለፈው ዓመት ለጥቂት ነው ያጣናት።

እኛ የጤና ኮሚቴ አባላት ሐኪሞች አይደለንም። የምንናገረው ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት ሄደን ባለሙያዎችን ጠይቀን የተረዳነውን ነው። የትኛዋ ምን ትውሰድ የሚለውን የሚወስነው የሚመረምራት ባለሙያ ነው። የእኛ ሥራ ጥያቄዋን ይዛ ወደ እሱ እንድትሄድ ማድረግ ነው።

በእኛው መካከል የሆነው

ታሪኩን የምንናገረው እህታችን ፈቅዳልን ነው፤ ስሟን አንጠራም። መናኸሪያ አጠገብ ሻይና ፓስታ ትሸጣለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ እሳት ታነዳለች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፣ የምትበላው ማታ አንድ ጊዜ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ቃር ያቃጥላታል፣ እምብርቷ በላይ ይነድዳታል። ሲብስባት ከመድኃኒት ቤት አንድ ላስቲክ ኦሜፕራዞል ትገዛለች፤ አራት አምስት ቀን ወስዳ ሲሻላት ትተወዋለች። ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ወገቧን ስለሚያማት ደግሞ ዳይክሎፌናክ ትውጣለች። ወገቧ ሲሻላት ጨጓራዋ ይብሳል፤ ጨጓራዋ ሲብስ ኦሜፕራዞል ትገዛለች።

እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር። ገንዘብ ሲያጥራት ቤታችን የተረፈውን መድኃኒት ሰጠናት። አንዷ አምስት ፍሬ፣ ሌላዋ ስድስት ፍሬ። ከማኅበራዊ ፈንዱም ሁለት ጊዜ ብር አበደርናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለመድኃኒት መግዣ ነበር። ለምርመራ ብለን አንድም ቀን አላበደርናትም። በጎ የሠራን መስሎን ነበር።

ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። እሷ የበላችው ነገር መስሏት ለማንም አልነገረችም። አንድ ቀን በቁጠባ ስብሰባችን መካከል ተነስታ መዝገቡን ልታቀብል ስትል ወደቀች። ሆስፒታል ስናደርሳት ጨጓራዋ ቆስሎ ሲደማ እንደቆየ ተነገረን። ደም ተሰጣት፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሐዋሳ ሄዳ ጨጓራዋ በካሜራ ታየ። ባክቴሪያ ተገኘባት፣ በደንብ ታከመች፣ ዛሬ ሻይዋን እየሸጠች ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሐኪሙ የጠየቃት ጥያቄ አሁንም ጆሯችን ላይ አለ፤ «ይህን ያህል ጊዜ መድኃኒት ስትወስጂ፣ ለምን እንደምትወስጂው የነገረሽ ማን ነው?» የሚል ነበር።

ቃርና ጨጓራ አንድ ናቸው ወይ?

በእኛ አነጋገር ሁሉም «ጨጓራ» ነው። ባለሙያዎቹ ግን ይለዩታል። ቃር የሚባለው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ሲመለስ ነው። በቧንቧውና በጨጓራው መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ያ በር ሲላላ ወይም ሆድ ሲጫነው አሲዱ ያመልጣል፤ ደረት ያቃጥላል፣ አፍ ይኮመጥጣል፣ ሌሊት ያስላል።

የጨጓራ ቁስለት ሌላ ነው። ድሮ ሰው ሁሉ በርበሬና ሐሳብ ያመጡታል ይል ነበር። በኋላ ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ዋና መንስኤ መሆኑን አሳዩ። ማርሻል ሰው አላምነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሁለተኛው ዋና መንስኤ የሕመም ማስታገሻ ነው፦ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ኢንዶሜታሲን። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣልን አድቪልም አይቡፕሮፌን ነው። በርበሬው ቁስሉን ያቃጥለው ይሆናል እንጂ ቁስሉን የሚፈጥሩት በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ልዩነቱ የሚጠቅመን ለዚህ ነው፦ ኦሜፕራዞል ብቻውን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ዳይክሎፌናክ እየዋጥንም ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። መድኃኒቱ ሕመሙን ብቻ ዝም ካሰኘው፣ ከሥር ያለው ነገር በጸጥታ ይቀጥላል። በእህታችን ላይ የሆነው ይኸው ነው።

መድኃኒቶቹን እንወቃቸው

በቤታችን የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚታኘከው ወይም በጠርሙስ ያለው ነጭ ማስታገሻ ነው። አሉሚኒየምና ማግኒዥየም አለበት፤ ያለውን አሲድ ያከሽፋል። ቶሎ ያስታግሳል፣ ቶሎም ያልቃል።

ሁለተኛው እነ ሲሜቲዲን ናቸው፤ አሲዱን ይቀንሳሉ። ከዚህ ወገን የነበረው ራኒቲዲን ግን ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ኤን ዲ ኤም ኤ የሚባል ቆሻሻ ስለተገኘበት፣ በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። በሣጥናችሁ ውስጥ አሮጌ ራኒቲዲን ካለ አትውሰዱት፤ ወደ መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ፣ እነ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ናቸው። አሲድ የሚያመነጨውን ፓምፕ ይዘጋሉ። ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው፤ በትክክል ሲወሰዱ ብዙ ሰው አድነዋል። ስህተት የምንሠራውም በእነዚሁ ነው።

ኦሜፕራዞል እንዴት ይወሰዳል?

ብዙዎቻችን ከበላን በኋላ፣ ሲያቃጥለን እንውጠዋለን። ትክክለኛው ጊዜ ግን ከምግብ በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘላት ጠዋት ከቁርስ በፊት። ፓምፑ ሥራ የሚጀምረው ምግብ ሲገባ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት። እንደ እህታችን ቁርስ የማትበላ ሴት ይህን ለሐኪሟ ትንገር፤ ሰዓቱ ከምትበላበት ጊዜ ጋር ይስተካከልላታል። ረመዳን የምትጾምም ሆነች ሁዳዴ የምትጾም እንዲሁ ትጠይቅ። ከፍጡር በፊት ወይም ከሱሁር በፊት ማድረግ ይቻላል፤ የምትደማ ወይም የባሰባት ሴት ግን ስለ ጾሙ ከሐኪሟም ከሃይማኖት አባቷም ጋር ትመካከር።

ካፕሱሉ አይታኘክም፣ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎችም አይፈጩም። ሽፋናቸው የተሠራው የጨጓራ አሲድ መድኃኒቱን ገና ሳይሠራ እንዳያበላሸው ነው።

በአንድ ቀን ውጤት አትጠብቁ። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። «ዛሬ ውጬ ዛሬ አልሠራም» ብሎ ሁለትና ሦስት መጨመር ጥቅም የለውም። ለቃር ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ሲሻለን በአራተኛው ቀን መተው ቁስሉን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

በሌላ በኩል ሐኪም ሳያይ ለዓመታት መውሰድም ጉዳት አለው። የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዥየም እጥረት ሊያመጣ፣ አጥንትን ሊያሳሳ፣ ለተቅማጥ የሚዳርግ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊያባብስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደች ሴት በአንድ ጊዜ ስታቆም አሲዱ ለጥቂት ሳምንት ተመልሶ ሊበዛባት ይችላል። ያኔ «ያለ እሱ መኖር አልችልም» ብላ ትደነግጣለች። ባለሙያው መጠኑን ቀስ እያለ እየቀነሰ ሊያስተዋት ይችላል።

ከሌላ መድኃኒት ጋር

ነፍሰ ጡሮች፣ ይህን ስሙ። በእርግዝና ቃር የተለመደ ነው፤ ማሕፀኑ ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሶዳ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ግን በውስጡ ያለው ጨው ብዙ ስለሆነ አይመከርም። ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ማስታገሻውን ነው፤ ካስፈለገ ሌላውን ራሱ ያዝዛል። የደም ማነስ ኪኒናውን፣ አይረን የምንለውን፣ ከማስታገሻው ጋር አንድ ላይ አትውሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ኦሜፕራዞልም አይረን በደንብ እንዳይሠርጽ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱን የምትወስድ እናት ለክትትል ባለሙያዋ ትናገር። አንድ ነገር ደግሞ፦ አይረን ሰገራን ያጠቁራል። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ የሚያብረቀርቅና ክፉ ሽታ ያለው ሰገራ ግን የደም ምልክት ነው። መለየት ካልቻላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እህት ለእኛ መናገር የለባትም፤ ለፋርማሲ ባለሙያው ግን ትንገር። ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ከነጩ ማስታገሻ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል፤ አብረው ከተወሰዱ ኃይሉ ይቀንሳል። አታዛናቪር የምትወስድ ደግሞ ኦሜፕራዞል ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም አትጀምር። የቲቢ፣ የደም ማቅጠኛና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ ይናገሩ።

ለወገብና ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ከመዋጣችን በፊት ፓራሲታሞል ይበቃ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ለጨጓራ የተሻለ ነው። ተልባና አብሽ ብዙዎቻችን እንጠጣለን፤ ሊያለዝቡ ይችላሉ፣ ባክቴሪያ ግን አይገድሉም። ከመድኃኒት ጋር አንድ ላይ አይጠጡ፤ ለመድኃኒቱ ጊዜ ስጡት። ወተትም ለጥቂት ጊዜ ነው የሚያስታግሰው።

የባክቴሪያው ምርመራና ሕክምና

«ባክቴሪያ አለብሽ ተብያለሁ፤ ሦስት ጊዜ ታክሜ አልጠፋልኝም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። መጀመሪያ የትኛው ምርመራ እንደተደረገላችሁ ጠይቁ። የደም ምርመራው ሰውነት ባክቴሪያውን እንደሚያውቀው ነው የሚያሳየው፤ ባክቴሪያው ጠፍቶም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነች ሴት እንደገና አንቲባዮቲክ ትወስዳለች። የሰገራ ምርመራው አሁን መኖሩን ያሳያል። ነገር ግን ኦሜፕራዞል እየወሰድን ከተመረመርን ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል መቆም እንዳለበት ባለሙያውን ጠይቁ፤ የምትደማ ሴት ግን በራሷ አታቁም። መዳናችንን ለማረጋገጥ የሚመረመረው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ኦሜፕራዞል ከሁለት አንቲባዮቲክ ጋር ለ14 ቀን ነው፤ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የተለመዱ ናቸው። አፍ ይመርራል፣ ሆድ ይረብሻል፤ በአምስተኛው ቀን መተው ያምራል። ያኔ ከተውን የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማት ሴት አስቀድማ ትናገር። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘላት ደግሞ አልኮል አትቅመስ።

ሙቀቱና የማብቂያው ቀን

የእኛ አገር ሙቀት ለመድኃኒትም ይከብደዋል። ከፊልቱና ከዶሎ፣ ከሞያሌም የመጣችሁ እህቶች ታውቁታላችሁ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ምጣድ ነው። ኦሜፕራዞል ሙቀትና እርጥበት አይወድም። ከጣሪያው ራቅ አድርጋችሁ፣ ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ሸሽታችሁ፣ በራሱ መያዣ ዝጉት። ከእንስራው አጠገብ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አታስቀምጡት፤ እርጥበት ይይዘዋል። በወረቀት ተጠቅልሎ በመቀነት ጫፍ የሚቋጠር መድኃኒትም ብዙ አይቆይም። ከልጆች እጅ ደግሞ ይራቅ።

ከገበያ ጉሊት፣ በሻንጣ ይዞ ከሚያዞር ሰው አትግዙ። ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደዋለ፣ እውነተኛ መሆኑንም ማንም አያውቅም። በአገራችን መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒት ፈቃድ ካለው ቤት እንዲሸጥ ያዝዛል። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

አሁን ብዙዎቻችንን ያሳሳተውን እንናገር። በላስቲኩ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 08/2025 የሚል ብታዩ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ገደማ አልፏል ማለት ነው። አንዲት እናት ይህንኑ አይታ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብላ አስቀምጣው አግኝተናል። ጥፋቷ አይደለም፤ ማንም አልነገራትም። ማንበብ የማትችል አባል ልጇን ወይም ጸሐፊያችንን ታስነብብ።

በቤታችን የምንችለው

መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም። ማታ አንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃርን ይጠራል፤ ከተቻለ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል አለመተኛት። አልጋ ያላችሁ በራስጌው እግር ሥር ጡብ አድርጉ፤ መሬት ላይ የምትተኙ ከትከሻ ጀምሮ ከፍ የሚያደርግ ነገር አንጥፉ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል። በልተው ወዲያው ጎንበስ ብለው ጀሪካን አይሸከሙ፤ መቀነትም አይጠበቅ። ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራና ቅባት የበዛበት ምግብ የሚያባብስባት ሴት ራሷን ታስተውል፤ ቡና ቀላውን ጨርሶ ተዉ አንልም፣ በባዶ ሆድ ግን አይሁን።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት። ያለ ምክንያት መክሳት። የማያቋርጥ ማስመለስ። ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት የደረት ሕመም፤ ይህ የልብ ሊሆን ይችላል፣ «ቃር ነው» ተብሎ አይታደርበትም።

አንዱን ለይተን እንናገራለን፦ ምግብ ሲውጡ መያዝ። መጀመሪያ ቂጣው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውኃው አልወርድ ይላል። ከእኛ ጎረቤት ከባሌና ከአርሲ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ የአገራችን ሐኪሞች ያውቃሉ። በጣም የሚያቃጥል ገንፎና ሻይ ከሚጠረጠሩት ነገሮች መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው አሳውቋል። ስለዚህ ሻያችንን ትንሽ እናብርደው፣ መዋጥ ያቃታትን ሴት ደግሞ ኦሜፕራዞል ሰጥተን ቤት አናስቀምጣት። ብዙዎች ሐኪም ጋ የሚደርሱት ውኃ እንኳ አልወርድ ሲል ነው፤ ያኔ ረፍዷል።

የወሰንነው

ከእህታችን ከተማርነው ተነስተን ሦስት ነገር እንዲወሰን ለጠቅላላ ስብሰባው አቅርበን ጸድቋል። አንደኛ፣ የተረፈ መድኃኒት እርስ በርስ አንሰጣጥም፤ ፍቅራችንን በሌላ እናሳይ። ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዱ ለጨጓራ ብር የምትበደር አባል መጀመሪያ የምትበደረው ለምርመራ ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያ ይከተላል። ሦስተኛ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ቃር ወይም ጨጓራ የሚያማት ሴት ብቻዋን አትሄድም፤ ከቡድኗ አንዷ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛ አብራት ትሄዳለች። የጤና መድኅን አባል ያልሆናችሁም በምዝገባው ጊዜ ተመዝገቡ፤ መታወቂያውም ጊዜው እንዳያልፍ።

ውጭ አገርና አዲስ አበባ ላላችሁ ደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ከልባችሁ በሻንጣ የምትልኩልን ኔክሲየም፣ ፕሪሎሴክና አድቪል ፍቅራችሁን ያሳየናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ እንኳ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል በማሸጊያው ላይ ለ14 ቀን ብቻ፣ በአራት ወር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ ተጽፎበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ጽሑፉን የሚያነብ የለም፤ በፍሬ ተከፋፍሎ ያልቃል። መድኃኒቱን ከምትልኩ የአንዲት ሴት የምርመራ ወጪ ብትሸፍኑልን ይበልጥ ታድኑናላችሁ።

እህታችን ዛሬ እዚሁ ተቀምጣለች። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ «ምን እንበልልሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ሲጠቁርብኝ ለአንዳችሁ ብነግራችሁ ኖሮ በሉልኝ» አለችን። ስለዚህ እንንገራት፣ ትንገረን። ስለ ገንዘባችን በየሳምንቱ ሳናፍር እንነጋገራለን፤ ስለ ሆዳችንም እንነጋገር።